«አገር ስጠኝ»፦ ካርታና እንቆቅልሽ በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ

ካርታ የሚለው ቃል በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ሸክም አለበት። መምህሩ በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቅለው፣ ወንዝና ተራራ፣ ድንበርና ከተማ የተሣለበት ወረቀት ካርታ ነው። በየጠጅ ቤቱ ጥግ ጎልማሶች ከበው የሚመዙትና የሚጥሉት ባለሥዕል ቁራጭ ወረቀትም ካርታ ነው። አባወራው በሣጥን ግርጌ ቆልፎ የሚያስቀምጠው የቤትና የቦታ ማረጋገጫም እንዲሁ ካርታ ተብሎ ይጠራል። ሦስቱም የትልልቅ ሰዎች ናቸው። ሰባት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የመጀመሪያውን ከሩቅ ያየዋል፤ ሁለተኛውን እንዳይነካ ይገሠጻል፤ ሦስተኛው መኖሩም አይነገረውም።

ሆኖም በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠሮች ያደገ ልጅ አገርን ለባልንጀራው የሰጠበት፣ ከባልንጀራው የተቀበለበት፣ «ይህ አይበቃኝም፤ ሌላ ስጠኝ» ብሎ የተከራከረበት አንድ ጨዋታ አለ። ጨዋታው ወረቀት የለውም፤ ሥዕልም የለውም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። እርሱም በአማርኛ ተናጋሪው ሕዝብ ዘንድ በሰፊው የታወቀው የእንቆቅልሽ ጨዋታ ነው። የዚህን ጨዋታ ታሪካዊ ባሕርይ ለመረዳት ከታላቅ ወንድሙ፣ ማለትም ከወረቀቱ ካርታ ታሪክ ጋር አጎራብቶ ማየት ይጠቅማል። ሁለቱ በብዙ አገር አብረው ኖረዋል፤ በእኛ አገር ግን አንዱ በሌላው ቦታ ገብቶ ሠርቷል።

ከቃሉ እንጀምር። የጥንት ግሪኮች ከደንገል የሚሠራውን የመጻፊያ ቅጠል «ካርቴስ» ይሉት ነበር። ይህ ቃል ወደ ላቲን ተሻግሮ «ካርታ» ሆነ፤ ከላቲንም የጣሊያንኛው፣ የፖርቱጋልኛውና የሌሎቹ የአውሮፓ ቋንቋዎች ቃላት ተወለዱ። በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ያው የግሪክ ቃል ወደ ምሥራቅ ተጉዞ በዐረብኛ «ቂርጣስ»፣ በግዕዝ «ክርታስ» ተብሎ ቀረ። በመሆኑም የደብተራው ክርታስ፣ የቁርኣን ተማሪው ቂርጣስና የቁማርተኛው ካርታ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ልጆች በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ አብረው በሚያድጉበት በወሎ፣ ይህ የቃላት ዝምድና የሚያስገርም አይሆንም።

የመጫወቻው ካርታ ትውልዱ ከቻይና እንደሆነ ይታመናል። በእስልምናው ዓለም አቋርጦ በግብፅ በማምሉኮች ዘመን ከፍተኛ የጥበብ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ በአውሮፓ ከተሞች መዛግብት ውስጥ በብዛት ብቅ ያለው እ.ኤ.አ. በ1370ዎቹ ነው። በኢስታንቡሉ የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ተጠብቆ የቆየው የማምሉኮች ካርታ አራት ቤተሰቦች ነበሩት፤ ጽዋ፣ ዲናር፣ ሰይፍና የፈረስ ላይ ገና መምቻ በትር። አውሮፓውያን ያን የፈረስ ጨዋታ አያውቁትም ነበርና በትሩን ተራ ዱላ አድርገው ሣሉት። ወደ እኛ ምድር በጊዜው ደርሶ ቢሆን ኖሮ ሠዓሊው ለመሣል ባልተቸገረ ነበር። የላስታና የየጁ እረኛ በየዓመቱ በገና ሰሞን የሚይዘው ቆልማማ በትር የዚያ በትር የቅርብ ዘመድ ነውና።

ከሁሉም አገሮች ይልቅ ለዚህ ጉዳይ የሚቀርበው ምሳሌ የጃፓን ነው። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1543 ጃፓን ሲደርሱ ከጠመንጃው ጋር ካርታቸውንም አስገቡ፤ ጃፓኖችም ከነስሙ «ካሩታ» ብለው ተቀበሉት። ነገር ግን እንደተቀበሉት አልተዉትም። መንግሥት ቁማሩን እየደጋገመ ሲከለክል ሕዝቡ ካርታውን ለቤተሰብና ለሕፃናት ጨዋታ አዋለው። በአንድ ወገን ምሳሌያዊ አነጋገር ወይም ግጥም የሰፈረበት፣ በሌላው ወገን ሥዕልና ፊደል ያለበት ካርታ ተዘጋጀ። አንድ አዋቂ አንደኛውን ያነባል፤ ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ከተበተኑት መካከል ጥንዱን ለመያዝ ይሽቀዳደማሉ። ጆሮ ይሰማል፣ ዓይን ይፈልጋል፣ እጅ ይወረወራል። ገና ማንበብ ያልጀመረ ሕፃን ሳይቀር በሥዕሉ ብቻ ይሳተፋል። ቁማር የነበረው ነገር በዚህ ሁኔታ የፊደልና የተረት ማስተማሪያ ሆነ።

በዚያው በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ፖርቱጋሎች ወደ ኢትዮጵያም መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1520 የመጣው መልእክተኛ ቡድን ቄስ የነበረው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ሲጓዝ የዛሬውን የሰሜን ወሎ ምድር፣ በዚያን ጊዜ አጠራር አንጎትን አቋርጧል፤ የላሊበላንም ውቅር ቤተ ክርስቲያናት ጽፎ ለዓለም ያስታወቀ እርሱ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ ቬኒሳዊ ሠዓሊ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል። ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ሥር ሰድዶ የቆየ ጨዋታ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በራስ ወልደ ሥላሴ ግቢ ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል። የኢትዮጵያው ሰንጠረዥ ከሌላው የሚለይበት አንድ ደንብ ነበረው፤ «ወረራ» ይባላል። ጨዋታው እንደተጀመረ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ የመጀመሪያው ወታደር እስኪማረክ ድረስ፣ እጃቸው የቻለውን ያህል እየፈጠኑ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ከበው የሚመለከቱትም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ይመክራሉ፣ ይጮኻሉ፣ ይከራከራሉ። ነገር ግን ይህ ጨዋታ የመኳንንቱ አዳራሽ ጨዋታ ነበር። ወደ ሰፊው ሕዝብ ጎጆና ወደ ሕፃናቱ መደብ አልወረደም።

የወረቀቱ ካርታም ኋላ በከተሞች ሲስፋፋ ከቁማርና ከሥራ ፈትነት ጋር ተቆራኝቶ መጣ። «ካርታ ተጫዋች» የሚለው አባባል በአንድ ሰው ስም ላይ ከተለጠፈ ለጋብቻ ሽማግሌ ሲላክ ሳይቀር የሚያስጠይቅ ነበር። በጃፓን የሆነው በእኛ አገር ያልሆነበት አንደኛው ምክንያት ይህ መጥፎ ስም ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛው ምክንያት ግን የበለጠ ክብደት አለው፤ ጃፓኖች በወረቀት የሠሩትን ሥራ የኢትዮጵያ ገበሬ ልጆች በቃል ሲሠሩት ኖረዋል።

ሀብሩ ወደ ምዕራብ በደጋው ተራራ፣ ወደ ምሥራቅ በቆላው ሜዳ የተያዘ ወረዳ ነው። ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅንና ውጫሌን አልፎ የሚመጣው መንገድ በውርጌሳ ገብቶ፣ የወረዳዋን ከተማ መርሳን አቋርጦ፣ በስሪንቃ በኩል ወደ ወልዲያ ይወጣል። ማሽላና ጤፍ የዚህ ምድር ዋና ሰብሎች ናቸው። ማሽላው ሲያሸት ልጆች ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ወፍ ይጠብቃሉ፤ ከብትና ፍየል ማገድም የእነርሱው ሥራ ነው። የገበሬው ልጅ ጨዋታ ከዚህ ሥራ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም። ቀን ከከብቱ ኋላ፣ ማታ ከእሳቱ ዳር የሚካሄድ ነው። እናት ቡናውን ቆልታ፣ አቦሉ ወርዶ ቶናው ሲጣድ፣ አያት ወይም ታላቅ እኅት «እንቆቅልህ!» ትላለች። የተጠየቀው ልጅ «ምን አውቅልሽ!» ይላል። ጨዋታው ተከፈተ ማለት ነው።

የጨዋታውን ደንብ የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው፤ ቢሆንም ሁሉም የሚያውቀው ነገር ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይቀራልና ቀስ ብሎ መመልከቱ አይከፋም። ጠያቂው አንድን የታወቀ ነገር፣ ጭስን ወይም እንቁላልን፣ ጥላን ወይም ምጣድን፣ ስሙን ደብቆ በሌላ ነገር መስሎ ያቀርባል። ተጠያቂው ካወቀው ተራው ይገለበጣል። ካላወቀው ግን ጠያቂው መልሱን እንዲሁ በነፃ አይነግረውም፤ «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ተሸናፊው በአእምሮው ውስጥ ካለው ሀብት አንዱን አገር መርጦ «መርሳን ሰጠሁህ» ይላል። አሸናፊው ሊቀበል ይችላል፤ ወይም «መርሳ ምን አላት፣ አልፈልግም» ብሎ ሊንቅ ይችላል። ተሸናፊው ስሪንቃን ይጨምራል፤ ካልሆነ ወልዲያን፣ እርሷም ካልበቃች ደሴን፣ ጎንደርን፣ አዲስ አበባን። አንዳንዱ ቆቅ ልጅ ታላላቆቹን ከተሞች ቆጥቦ በትናንሾቹ ለመክፈል ይሞክራል። ግራና፣ ውርጌሳ፣ ሳንቃ፣ ጎብዬ እያለ የሚያውቃቸውን የገበያ ስፍራዎች ሁሉ ይደረድራል።

አሸናፊው አገሩን ከተረከበ በኋላ የሚመጣው ክፍል የጨዋታው እምብርት ነው። ወደዚያ አገር በሐሳቡ ይገባል፤ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው፣ ምን እንደታረደለት፣ ምን እንደተጠመቀለት፣ ምን ላይ እንደተቀመጠ ይተርካል። ለተሸናፊው ደግሞ በዚያው ድግስ ላይ የሚደርሰውን አጥንት፣ አተላና ገለባ ያካፍለዋል። ይህ የሚነገረው በፍጥነት፣ በዜማ መሳይ አወራረድ ነው፤ ሲነገርም ሁሉም ይስቃል፤ ተሸናፊው ራሱ ይስቃል። ከዚህ በኋላ ብቻ መልሱ ይገለጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው፣ ይህ ጨዋታ በባሕርዩ የካርታ ጨዋታ መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ልጅ የማይታይ እጅ አለው፤ በእጁም የአገሮች ስም ተይዟል። ተራ አለ፤ መጣል አለ፤ መመዘን አለ፤ ትልቁን ለመጨረሻ ማቆየት አለ። የተለየው ነገር ካርታው በሱቅ የማይገዛ፣ ከልጁ የማወቅ መጠን ጋር አብሮ የሚያድግ መሆኑ ነው። የአራት ዓመቱ ሕፃን አያቱ ያለችበትን መንደርና ገበያውን ብቻ ይሰጣል። የስድስት ዓመቱ ወረዳውን ያዳርሳል። የመኪና ረዳት ከሆነ አጎት የሰማ ልጅ ኮምቦልቻን፣ አዳማንና አሰብን ወርውሮ ጉባኤውን ያስደንቃል። መምህሩ የግድግዳውን ካርታ ከመስቀሉ በፊት ልጁ አገሩን በስም ለምዶታል። ሁለተኛው፣ ሽንፈት የሚያስከፍለው ነገር ዕውቀት መሆኑ ነው። ያላወቀ ልጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እንቆቅልሹን ባያውቅ አገሩን እንዲያውቅ ይገደዳል።

ጨዋታው ለምን ሌላ ነገር ሳይሆን «አገር» ይጠይቃል? ከጠጠር፣ ከበግ ወይም ከቆሎ ይልቅ አገር የመረጠበት ምክንያት ከተፈጠረበት ሥርዓት ጋር ሳይያያዝ አይቀርም። በፊውዳሉ ሥርዓት አገር ይሰጥ ነበር። ንጉሡ ለመኳንንቱ፣ መኳንንቱ ለሎሌዎቻቸው ጉልት ይሰጡ ነበር፤ አገር የተቀበለውም ገብቶ ግብሩን ይበላ ነበር። ወልዲያን ማዕከል ያደረገው የየጁ ምድር ይህን ከብዙዎቹ ይበልጥ ያውቀዋል። የየጁ መሳፍንት ከአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ሁለተኛው ራስ ዓሊ መሸነፍ ድረስ፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. እስከ 1853፣ በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ሲሰጡና ሲነሡ ኖረዋል። የጭሰኛው ልጅ በእሳቱ ዳር «አገር ስጠኝ» ሲል አባቱ በቀን የሚያየውን ነገር ይጫወተው ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። አሸናፊው ጮማ ሲቆርጥ፣ ተሸናፊው አጥንት ሲግጥ፣ ሁለቱም ሲስቁ፣ በሳቁ ውስጥ የሰላ ትዝብት አለ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጉልቱንና ጭሰኝነቱን ሻረ፤ ልጆቹ ግን አገር መስጠታቸውን አላቆሙም። ሥርዓቱ ሲሞት ጨዋታው ከነፌዙ ተርፏል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳይነሣ አይታለፍም። ከመርሳ በስተደቡብ፣ በአምባሰል ምድር ውጫሌ አለች። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል በ17ኛው አንቀጹ፣ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የሚል፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ የሚጥል ቃል ይዞ ተገኘ። በአንድ ቃል አገር ተሰጠ ተባለ። ሰጪው ግን አልሰጠም ነበርና ነገሩ በዐድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተፈታ። የእንቆቅልሽ ተጫዋች ልጅ ሕጉን ያውቀዋል፤ ሰጪው «ሰጠሁህ» ሳይል አገር አይወሰድም።

ከእንቆቅልሹ ሌላ እጅና እግር የሚያሠሩ ጨዋታዎች የወልዲያን ግቢና የመርሳን ደጅ ሲያሞቁ ኖረዋል። በቅልልቦሽ አንዱ ጠጠር ወደ ላይ ተወርውሮ እስኪመለስ ድረስ መሬት ላይ ያሉት መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት እየተደረጉ ይለቀማሉ፤ ሕፃኑ መቁጠርን በዓይኑና በእጁ ይማረዋል። በገበጣ መሬት ላይ በተቆፈሩ ሁለት ወይም ሦስት ረድፍ ጉድጓዶች ውስጥ ጠጠር እየተዘራ ይታደናል። በአኩኩሉ ዓይኑን የጨፈነው ልጅ ሌሊቱ መንጋቱን ይጠይቃል፤ የተደበቁት ገና አልነጋም ይላሉ፤ በአንድ ቃል ቀኑ ሌሊት ይሆናል። እቃቃ ደግሞ ከሁሉም የላቀ ምናብ የሚጠይቅ ነው። ገሉ ምጣድ፣ ጭቃው እንጀራ፣ የአገዳው ቁራጭ ልጅ ይሆናል፤ እንግዳ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ባልና ሚስት ይጣላሉ፣ ሽማግሌ ገብቶ ያስታርቃቸዋል። እቃቃን በጥሞና የተመለከተ ሰው ያን ቤተሰብ ያውቀዋል። ወላጆች የልጆቻቸውን እቃቃ ሰምተው የሚደነግጡበትም ጊዜ አለ።

እነዚህን ጨዋታዎች በቁም ነገር መዝግቦ ለመጽሐፍ ያበቃቸው ፈረንሳዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ማርሴል ግሪዮል ነው፤ ስለ ሐበሻ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች የጻፈው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1935 በፓሪስ ታትሟል። ገበጣንና ሰንጠረዥን ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣቸው ጥናቶች በዝርዝር አስፍሯቸዋል። የውጭ ሰዎች ቀድመው መጻፋቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም። የሚያስወቅሰው የአገሩ ምሁር ጨዋታን ከቁም ነገር ውጭ አድርጎ ማየቱ ነው። ቋንቋው ራሱ እንዲህ አላየውም። በአማርኛ ሁለት ሽማግሌዎች ስለ ዘር፣ ስለ ዝናብና ስለ ዳኝነት የሚያወጉትም «ጨዋታ» ነው፤ ሕፃናቱ በጠጠር የሚያደርጉትም «ጨዋታ» ነው።

የፊደል ትምህርት ታሪክም በዚሁ መነጽር ሊታይ ይገባዋል። በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ የፊደል ገበታውን በስንደዶ እየነካ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ይወርዳል። በርካታ ትውልድ የቆጠረበት ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሳተሙት ገበታ ነው። ልጁ ብዙ ሳይቆይ ገበታውን ዓይኑን ጨፍኖ ይወርደዋል፤ ጣቱ አንድ ፊደል ላይ፣ አፉ ሌላ ፊደል ላይ መሆኑ ይገለጣል። የጥንት መምህራን ይህን አታላይ ሽምደዳ ያውቁት ነበር። መድኃኒቱም አቡጊዳ ነበር። «አ» ከግዕዝ፣ «ቡ» ከካዕብ፣ «ጊ» ከሣልስ፣ «ዳ» ከራብዕ እየተነሣ የፊደሉ ቅደም ተከተል ይፈርስና በሌላ ሥርዓት ይገጣጠማል። ካርታ ተጫዋቾች ይህን ድርጊት መበወዝ ይሉታል። አቡጊዳ የተበወዘ ፊደል ነው፤ የተበወዘበትም ምክንያት ያው ነው፤ ተጫዋቹ ቀጥሎ የሚመጣውን በልማድ ሳይሆን በማየት እንዲያውቅ።

በመርሳና በአካባቢዋ ባሉት የቁርኣን ትምህርት ቤቶች ደግሞ ልጁ በእንጨት ሉህ ላይ በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፤ የዕለቱን ካወቀ በኋላ ሉሁን አጥቦ አዲስ ይጽፋል። ሉሁ በልጁ እጅ ይያዛል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 በሮም ባቋቋመችው የሕፃናት ቤት፣ ልጆች በጣታቸው እየዳሰሱ የሚለዩዋቸውን ፊደላት ቆርጣ ስታዘጋጅ አውሮፓ እንደ ታላቅ ግኝት ተቀበለው። ግኝትነቱ አያጠራጥርም። ይሁንና ፊደልን በእጅ የመያዝ ጥበብ ለሀብሩ ልጅ ፈጽሞ እንግዳ አልነበረም። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር፤ አርጩሜው ከሉሁም ከገበታውም አይለይም ነበር፤ ማታ ከእሳቱ ዳር የሚሰማው ሳቅ ደግሞ ቀን ወደ ትምህርቱ አይገባም ነበር።

ሳቁን ወደ ትምህርት የማስገባቱ ሙከራ የቅርብ ዘመን ታሪክ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ተስፋዬ ሣህሉ፣ በሕዝብ አጠራር አባባ ተስፋዬ፣ የልጆችን ክፍለ ጊዜ ይዘው ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ነግረዋል፤ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም የአገሩ ልጆች ሁሉ አያት ሆነው ኖረዋል። ከአብዮቱ በኋላ ቀበሌዎች የሕፃናት መዋያዎችን ከፍተዋል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በአሥራ አምስት ቋንቋዎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል፤ ነገር ግን ዘመቻው በዋናነት ለአዋቂዎች ነበር። በመስከረም 1999 ዓ.ም. «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የአሻንጉሊት ዝግጅት፣ በብሩክታዊት ጥጋቡና በባልደረባዋ ጥረት፣ በቴሌቪዥን ታየ። እ.ኤ.አ. በ2010 መንግሥት ለቅድመ መደበኛ ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጣ። እስከዚያ ድረስ መዋዕለ ሕፃናት የሚገባው ልጅ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ በየአንደኛ ደረጃው «ኦ ክፍል» ተከፈተ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ አደገ።

የክፍሉ ቁጥር እንዳደገ የመምህሩ መሣሪያ አላደገም። በአንድ ክፍል በርካታ ሕፃናት ተቀምጠው «ሀሁሂ»ን በኅብረት ሲጮኹ መስማት የተለመደ ነው። የተገዛ የሥዕል ካርታ በሚገኝበትም ጊዜ ሥዕሉ የበረዶ ሰው፣ እንጆሪና ባሕር ዳር ቤት ይሆናል። በእንዲህ ያለው ካርታ የሚማር የግራና ልጅ መጀመሪያ የማያውቀውን ነገር፣ ቀጥሎ የማያውቀውን ፊደል እንዲያውቅ ይጠየቃል። ይህ በሕፃን ላይ የሚጫን ድርብ ሸክም ነው።

በዚህ ላይ ጦርነቱ መጣ። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያና አካባቢዋ በጦርነቱ ውስጥ ወድቀው ነበር፤ በሰሜን ወሎ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተጎዱ፣ ንብረታቸውም ተዘረፈ። የትምህርት መሣሪያ በሚቃጠልበትና በሚዘረፍበት ጊዜ የቃል ጨዋታ የማይዘረፍ ሀብት ነው ቢባል ያስኬዳል፤ ግን አያጽናናም። የቃል ጨዋታ የሚኖረው የሚጠይቅ አዋቂና ጊዜ ያለው ማታ ሲኖር ነው። የተፈናቀለ ቤተሰብ ሁለቱም ያጥሩታል። አያቲቱ በአንድ ስፍራ፣ የልጅ ልጁ በሌላ ስፍራ ሲሆኑ «እንቆቅልህ» የሚለው ድምፅ ይቋረጣል፤ ድምፁ ለአንድ ትውልድ ከተቋረጠ ደግሞ የሚመልሰው መጽሐፍ የለም።

ስለሆነም መምህራን ከአካባቢያቸው ቁሳቁስ፣ በተለይም ከዕቃ ማሸጊያ ካርቶን፣ የሚሠሯቸው ካርታዎች ክብደት አላቸው። ካርቶኑ በመዳፍ ልክ ይቆረጣል፤ በአንደኛው ገጽ የአካባቢ ነገር፣ ማሽላ፣ ግመል፣ ጀበና ወይም ማማ ይሣላል፤ በሌላው የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ይጻፋል። እንደ ጃፓኖቹ ካሩታ ካርታዎቹ መሬት ላይ ተበትነው ድምፁ ሲጠራ ልጆቹ ይሽቀዳደማሉ። እስከዚህ ድረስ መልካም ነው። ስሕተቱ የሚመጣው እንቆቅልሹን እንዳለ ከነመልሱ በካርቶን ላይ ጽፎ ለልጁ ማደል ሲጀመር ነው። መልሱ ከኋላ ገጽ የተጻፈ እንቆቅልሽ አገር አያስጠይቅም፤ ልጁ ካርታውን ገልብጦ ያየውና ጨዋታው እዚያው ያበቃል። ጠያቂ የማያስፈልገው እንቆቅልሽ እናትን፣ አያትንና ጎረቤትን ከጨዋታው ያሰናብታል። በካርቶኑ ላይ መሣል የሚገባው ተሸናፊው የሚከፍለው አገር ነው፤ መልሱ ግን በጠያቂው አፍ ይቆይ። ወልዲያ በተራሮቿ፣ መርሳ በፍራፍሬዋ፣ ላሊበላ በውቅሩ፣ ሐይቅ በውኃው ተሥለው በልጆቹ እጅ ይደለደሉ። ያላወቀ አንዱን ይጣል፤ የተቀበለ ደግሞ የተጣለለትን አገር ይዞ ይነሣና በዚያ ምን እንደበላ፣ ማን እንደተቀበለው ለጓደኞቹ ያውራ። ጥቂት ካርቶኖች ሳይሣሉ ቢቀሩ ጉዳት የለውም። ከሀብሩ ቀበሌዎች ብዙዎቹ በግድግዳው ካርታ ላይ ስማቸው የለምና፣ ልጁ የራሱን መንደር የሚሰጥበት ባዶ ካርቶን ያስፈልገዋል።